የዓይን ቆብ ላይ ያለ እብጠት በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ቆቡ ይበላሻል?

ጥያቄ፦ የ42 ዓመት ሴት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በታችኛው የዓይን ቆቤ ጠርዝ ላይ የነበረ ጥቁር ነጥብ አብጦ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ደርሷል፤ ዓይኔን እየነካ ያስለቅሰኛል። ሐኪም አደገኛ አይመስልም፣ ግን ይውጣ ብሎኛል። ቆቤ ተጎትቶ እንዳይቀር ፈራሁ። ከሌላ ቦታ ቆዳ ይወሰዳል? ደረቴ ላይ ኬሎይድ (ከቁስል በኋላ አብጦ የቀረ ጠባሳ) አለኝ።
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ በዚህ መጠን ላለ እብጠት ከሌላ ቦታ ቆዳ መውሰድ ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። እብጠቱ ላይ ላዩን ከሆነ ሐኪሙ ከጠርዙ እኩል አድርጎ ይላጨዋል፤ ቁስሉም ያለ ስፌት ይድናል። ሥሩ ከቀረ ግን ተመልሶ ሊያድግ ይችላል።

ቆቡ በሙሉ ውፍረቱ ከተቆረጠ ጥገናው ሌላ ነው። የቆቡ ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። እስከ ሩቡ፣ ቆዳው በላላ ሰው ደግሞ እስከ ሲሶው ቢጎድል ግራና ቀኙ ተሳስቦ ይሰፋል። ከዚያ ሲበልጥ በዓይን ጭራ በኩል ያለው ጅማት ተቆርጦ ቆቡ እንዲላላ ይደረጋል። ከግማሽ በላይ ከጎደለ ከላይኛው ቆብ የውስጥ ሽፋን ወደ ታች ተስቦ ይሰፋል፤ ዓይኑም ለሳምንታት ተዘግቶ ይቆያል።

የፈሩት የቆቡ ተጎትቶ ወደ ውጭ መገልበጥ በአብዛኛው የሚመጣው ስፌቱ ቆቡን ቁልቁል ሲወጥረው ነው፤ ስለዚህ ውጥረቱ ወደ ጎን እንዲሆን ተደርጎ ይዘጋል። ጠርዙ ላይ ደግሞ ሁለቱ ጫፎች ትንሽ ቀና ብለው መገጣጠም አለባቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እዚያ ላይ ጉብ ያለ ነገር ቢያዩ አይደንግጡ፣ ሲድን ይተኛል። ከመጀመሪያው እኩል የተደረገ ጠርዝ ነው ኋላ ጎድጎድ የሚለው።

የቆብ ቆዳ ስስ ስለሆነ ኬሎይድ እምብዛም አያወጣም። ቆዳ መውሰድ ግድ ከሆነ ግን ከጆሮ ጀርባ ወይም ከአንገት ሥር ከመወሰዱ በፊት የደረትዎን ኬሎይድ ለሐኪሙ ያሳዩ። ከላይኛው ቆብ ትርፍ ቆዳ ከተገኘ እሱ ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ፦ የወጣው ሥጋ ለፓቶሎጂ ምርመራ (ሥጋው በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት የላቦራቶሪ ምርመራ) መላኩን ይጠይቁ። በተለይ ሽፋሽፍቱ ከረገፈ ወይም እብጠቱ ከደማ «አደገኛ አይመስልም» ማለት ብቻውን አይበቃም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ እንጂ በራስዎ አያቋርጡ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለ2 ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ሳይጫኑ በየመሃሉ ያሳርፉበት፣ ትራስዎን ከፍ ያድርጉ፣ ዓይንዎን አይሹ። የቆዳው ክር ከ5 እስከ 7 ቀን፣ የጠርዙ ደግሞ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ኃይለኛ ሕመም፣ የዓይን ወደ ፊት መገፋት ወይም የእይታ መቀነስ ከመጣ ከዓይን ጀርባ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።