ግድግዳው የማን ነው?

የጎረቤቴ ልጅ ሰሞኑን ደብተሯን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ማኅበራዊ ፖሊሲ ልማር ነው። ጤናና ቤት አብረው ነው የሚሰጡት። ጤናውስ ይሁን፣ ቤት እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?» አለችኝ። የመጣልኝን መለስኩላት። መልሱ ግን ለራሴም አልጣመኝም። ማታ ላይ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ለእሷም፣ እንደ እሷ ለምትጀምሩትም ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ሳኒቴሪያን ነኝ። አሁን ስሙ ብዙም አይሰማም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ግን ከጤና መኮንኑና ከኮሚኒቲ ነርሷ ጋር አብሮ የሚሠለጥን ሰው ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ እዚሁ ጎንደር አጠገብ ያለችውን ደንቢያን ወባ ፈጅቷት ነበርና፣ ኮሌጁ እዚህ እንዲከፈት አንዱ ምክንያት ያ ነው። እኛም በተራችን በቡድን ሆነን ወደ ጤና ጣቢያ ተላክን። መኮንኑ በሽተኛውን ያያል። ነርሷ እናትና ሕፃን ታያለች። እኔ ምንጩን፣ ሽንት ቤቱን፣ መኖሪያውን አያለሁ። ሰርግ ላይ ከሦስታችን ማን ከፍ ያለ ወንበር ይሰጠው እንደነበር መገመት አያቅታችሁም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። የቀበሌ ቤት በበዛበት አንድ ሰፈር ጠላ እየሸጡ ልጆች የሚያሳድጉ እናት ነበሩ። ትልቁ ልጃቸው የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ያኔ ሕክምናው ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ የመርፌ ምልልስ አለበት። ልጁ ግን ጎበዝ ነበር፣ አላቋረጠም። እኔ የተላክሁት ቤቱን እንዳይ ነው።

አንድ ክፍል ናት። ጥግ ላይ ምድጃ፣ ከምድጃው አጠገብ የጠላ ጋን፣ ከዚያ ወዲያ መደብ። ሁሉም እዚያው መደብ ላይ ተጠጋግተው ይተኛሉ። በር አለ፣ መስኮት የለም። ዝናብ ስለነበር በሩም ገርበብ ብሏል፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ቅጼ ላይ «መስኮት፦ የለም» ብዬ ሞላሁ። «መስኮት ይከፈት» ብዬም መከርኩ። የተማርነው እንዲያ ነው።

እናቲቱ ሳቁ። «ሐኪሙ» አሉኝ። ነጭ የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነበር። «ግድግዳው የኔ መሰለህ እንዴ?»

ቤቱ ትርፍ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ከሚኖርበት ሌላ ያለው ማለት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆኑት ወደ ቀበሌ ሄዱ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ኪራይ ቤቶች ወደሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ኪራይም ተቀነሰ። ደሃው እፎይ አለ። እኔም ተከራይ ነበርኩና አጨብጭቤያለሁ።

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። «ጓድ፣ የመንግሥት ንብረት ነው። ያለ ፈቃድ አይነካም» አለኝ። ደብዳቤ ተጻፈ። ደብዳቤው ወደ ላይ ወጥቶ «በጀት ሲገኝ ይታያል» ተብሎ ወረደ። በጀቱ ከየት ይምጣ? ከዚያ ሁሉ ቤት የሚሰበሰበው ኪራይ ቆርቆሮ እንኳ በቅጡ አያስቀይርም። ኪራዩ ሲወርድ የጥገናው ገንዘብም አብሮ ወርዷል። ይህን ያኔ አላሰብነውም።

የቤቱ የቀድሞ ባለቤት እዚያው ግቢ ውስጥ በቀረችላቸው ክፍል ይኖሩ ነበር። ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳቸው ላይ አስቀመጡኝ። ስለ ጣሊያን ጊዜ ብዙ አወሩኝ፤ ፒያሳ ሲሠራ ድንጋይ አመላልሰዋል። ከዚያ በመሃል፣ እንደ ዋዛ፣ «መስኮትማ ነበረው» አሉ። ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍል ነበር። ቀበሌው ለሁለት ቤተሰብ ለመስጠት መሃሉን በጭቃ ግድግዳ ከፈለው። መስኮቱ ለወዲያኛው ቤተሰብ ደረሰ። ሄጄ አየሁት። ብርድ ያስገባል ብለው ቁም ሳጥን አስደግፈውበታል።

የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። በቡድናችን ውስጥ ባክቴሪያውን የሚያውቅ አለ፣ ጭሱን የሚያውቅ አለ። ያንን ክፍል ለሁለት የከፈለውን ውሳኔ ማን፣ በየትኛው መመሪያ፣ ምን አስቦ ወሰነው ብሎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ውሳኔው እኮ የጅል አይደለም። ባይከፈል እናቲቱ ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ ነበሩ። ቤት ላጣ ቤት መስጠት አንድ መልካም ነገር ነው፣ ንጹሕ አየር ሌላ መልካም ነገር ነው። አንዱ ሌላውን ገፋው። ልጁ ዳነ። በሚቀጥለው ክረምት ታናሽ እህቱ ማሳል ጀመረች። እኔ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወርኩ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልሰማሁም።

ልጄ፣ ቤት እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው ላልሽኝ፣ ትምህርቱ ላይ አናይሪን ቤቫን የሚባል የብሪታንያ ሚኒስትር ታገኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎታቸውን ያስጀመረው እሱ ነው። ሰዎች የሚረሱት፣ ያኔ የቤት ግንባታም በእሱ በጤና ሚኒስትሩ እጅ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ነው ቤቱ ከጤናው ተነጥሎ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የሄደው። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ላይ ጤናን፣ ንጹሕ ውሃንና መኖሪያን በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋል፤ «የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» ከሚል ማሰሪያ ጋር። ወደ ሥራው ስትወርዱ ግን ጤናው አንድ ቢሮ ነው፣ ቤቱ ሌላ ቢሮ። ሳል የያዘው ሰው ሁለቱ ቢሮዎች መካከል ይተኛል።

በ2002 ዓ.ም. የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ደስ አለኝ፤ ነርሶች ቤት ለቤት ሊሄዱ ነዋ። አንዷን «የቀበሌ ቤት ስትገቡ ምን ትመክራላችሁ?» አልኳት። «መስኮት ክፈቱ እንላለን» አለች። ምንም አልመለስኩላትም።

ክፍል አትቅሩ፣ አትኮርጁ አልላችሁም። ይህን እናቶቻችሁ ጨርሰውታል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የዛሬ ልጅ ገና ሳይመዘገብ «ሥራ አለው ወይ?» ይላል። መመረቂያ ጽሑፋችሁን እንኳ ቤት ቁጭ ብላችሁ ከስልክ ትለቅማላችሁ፤ የከተማው የቤት ችግር ግን ከዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ወጥቶ በእግር የሚደረስበት ነው። ሥራ ሥራ አትበሉ። እርግጥ የራሴ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ልማር ስትለኝ «አካውንቲንግ ይሻልሻል» ብዬ መልሻታለሁ። አሁን ባንክ ትሠራለች፣ ደመወዟም ደህና ነው። እንግዲህ እንደፈለጋችሁ ተርጉሙት።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ቤት ለቤት ስትሄዱ ከመጠይቁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ቤቱን ለማደስ የሚፈቅደው ማነው? ኮንዶሚኒየም ብትገቡም ጠይቁ፤ የጋራ ደረጃው ሲፈርስና ፍሳሹ ሲገነፍል ማን ያዛል፣ ማን ይከፍላል? መልሱን ከተከራዩም ከጽሕፈት ቤቱም ስሙ፤ አይገጥምም።

አዋጁንም ሰው ስለ እሱ የጻፈውን ብቻ ሳይሆን ራሱን አንብቡት። የቁጥር 47 ነጋሪት ጋዜጣ እኔ ዘንድ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ መጥታችሁ ፎቶ አንሱት። አላውስም፤ ከዚህ በፊት ያዋስኩት አልተመለሰልኝም።