ላጠፋው ስል ነው የሚበላሸው፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምፒውተር ጥገና ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ። ዛሬ የምመልሰው ስለ አንድ ችግር ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ደህና ሲሠራ ውሎ ልክ ሻት ዳውን ሲባል ስለሚበላሽ ኮምፒውተር። ብዙ ሰው ይህን ይዞ ሱቅ ሲሄድ መጀመሪያ የሚሰማው «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። እባካችሁ አትቸኩሉ፤ የልጆቻችሁ ፎቶ፣ የሥራ ሰነዳችሁ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። መልሴ ዊንዶውስ 10ን እና 11ን ይመለከታል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔን ሻት ዳውን ሳደርገው ለደቂቃዎች ይሽከረከርና ሰማያዊ ስክሪን (ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚመጣውን የስህተት ገጽ) ያመጣል። ሪስታርት ሳደርገው ግን ምንም አይልም። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ ሪስታርት ላይ ደህና መሆኑን መናገርህ በጣም ጥሩ አደረግክ፤ ትልቁ ፍንጭ እሱ ነው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ፣ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር መጥቷል። ሻት ዳውን ስትል የከፈትካቸው ፕሮግራሞች ይዘጋሉ፤ የሲስተሙ እምብርት ግን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ያለበት ሁኔታ ዲስኩ ላይ ይጻፍና ነገ ስታበራው ከዚያው ይቀጥላል፤ ቶሎ የሚነሳውም ለዚህ ነው። ሪስታርት ግን ሁሉንም ዘግቶ ከዜሮ ይጀምራል።

እንግዲህ ኮምፒውተሩ ሊጠፋ ሲል ለእያንዳንዱ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያግባባ ትንሽ ፕሮግራም ነው)፣ ለዋይፋዩም ለግራፊክሱም ለብሉቱዙም፣ «ዕቃህን አስተኛ» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። አንዱ ካልመለሰ ሲስተሙ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ በመጨረሻ ይወድቃል። ሰማያዊው ስክሪን ላይ «ድራይቨር ፓወር ስቴት ፌይለር» የሚል ካለ ነገሩ ይኸው ነው።

ለመሞከር የኪቦርዱን ሺፍት ተጭነህ ይዘህ ሻት ዳውንን ክሊክ አድርግ። ያኔ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። በዚህ መንገድ ሁለት ሦስት ቀን ያለ ችግር ከጠፋ፣ ኮንትሮል ፓናል ግባና ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ የፓወር በተኑ ሥራ የሚመረጥበትን ገጽ ክፈት፤ እዚያ ፋስት ስታርትአፕ ላይ ያለውን ምልክት አንሳ። ምልክቱ አልነካ ካለህ ከላይ ያለውን ሰማያዊ ጽሑፍ መጀመሪያ ክሊክ አድርግ። ይህ ግን ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ ድራይቨሩን አያስተካክለውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጥፋተኛው የትኛው ድራይቨር እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ ንቀይና አጥፍተሽ ሞክሪ። ፍላሹን፣ ፕሪንተሩን፣ የውጭ ዋይፋዩን፣ ሁሉንም። ቀላል ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሙሉ ቀን ስለፋ ውዬ ጥፋተኛው ከኋላ የተሰካች ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ሆና አግኝቻታለሁ።

ካልሆነ፣ ሰማያዊ ስክሪን በመጣ ቁጥር ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ሚኒደምፕ በሚባል ፎልደር ውስጥ መዝገብ ያስቀምጣል፤ ፎልደሩ ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ውስጥ ነው። ብሉስክሪንቪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ያነብልሻል። የዊንዶውስ የራሱ ከርነል፣ ማለትም ያ የሲስተሙ እምብርት፣ ስሙ ቢወጣ ግን አትደንግጪ። ብዙ ጊዜ ውድቀቱ የተመዘገበው እሱ ላይ ስለሆነ ነው እንጂ ጥፋቱ ከሌላ ድራይቨር ሊሆን ይችላል። የዋይፋይ ወይም የግራፊክስ ድራይቨር ስም ካየሽ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ፣ በሞዴል ቁጥሩ ፈልገሽ አውርጂ። በአንዴ ሁሉንም ድራይቨር የሚጭኑትን ጥቅሎች በፍጹም አልመክርም፤ የማይገባ ድራይቨር ጭነው አዲስ ችግር ሲፈጥሩ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የእኔ ሰማያዊም አያሳይ፤ አጠፋዋለሁ፣ ወዲያው ራሱ ይነሳል።

መልስ፦ አባቴ፣ ምናልባት ሰማያዊው መጥቶ ሳያዩት እያለፈ ይሆናል። ዊንዶውስ ሲወድቅ በራሱ እንዲነሳ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ዲስ ፒሲ ላይ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ ይበሉ፣ ከዚያ አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ፤ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ከሚለው ሥር ሴቲንግስን ሲከፍቱ «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» የሚል አለ፣ ምልክቱን ያንሱት። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ይቆይልዎታል፤ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ጠፍቶ ቆይቶ ከሆነ የሚነሳው ግን ሌላ ነው፤ ያኔ የኔትወርክ ካርዱ ኮምፒውተሩን መቀስቀስ እንዳይችል ይከልክሉት።

ጥያቄ፦ ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ላይ ከርነል ፓወር 41 የሚል ቀይ ምልክት አለኝ። ፓወር ሰፕላይ ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ፣ ቆይ። 41 የሚለው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደተነሳ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋም ይመዘገባል፣ በተኑን ተጭነህ ይዘህ በግድ ስታጠፋውም፣ ሰማያዊ ስክሪን ሲመጣም። ሰፈርህ መብራት የሚቆራረጥ ከሆነና ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) የምትጠቀም ከሆነ ግን ዲስኩን መርምር፤ ሲ ድራይቭ ላይ በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ። ፋይል ሲጻፍ መሃል ላይ መብራት ሄዶ የተጎዳ ሲስተም አጠፋፉም አያምርም።

ጥያቄ፦ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ስላቆመ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። መደበኛው ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ኮምፒውተሩ ግን በዚያ ምክንያት አይወድቅም። የሚያሳስበኝ የደህንነቱ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ፎርማት አስደረግኩት፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ገንዘቤም ፋይሌም ሄደ።

መልስ፦ በጣም አዝናለሁ እህቴ። ራሙ ወይም ዲስኩ ከታመመ ፎርማት አያድነውም፤ ያው ችግር ያለበት ድራይቨር ተመልሶ ከተጫነም እንደዚያው። አሁን ስታርት ላይ «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ብለሽ ፈልጊና አስነሺው፤ ራሙን ይመረምራል። እሱ ንጹህ ከሆነ ከፎርማቱ በኋላ ምን ምን እንደተጫነልሽ፣ ሁለት አንቲቫይረስ አብረው እንዳሉ ወይም እንደሌሉ፣ ሰማያዊው ላይ ምን እንደተጻፈ ከላፕቶፑ ሞዴል ጋር ላኪልኝ። ከዚያ አብረን እናየዋለን።