ልጄ አያናግረኝም

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ስጠይቀው «አላውቅም» ብሎ ዝም ይላል። ስቆጣው ይብስበታል። ምን ላድርግ? (አባት፣ ከቢቸና)

መልስ፦ ፊት ለፊት አስቀምጠው አይጠይቁት፤ ምርመራ ይሆንበታል። ጎን ለጎን ሆናችሁ ጤፍ ስታርሙ ወይም ገበያ ስትሄዱ ይሞክሩ፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። «ትምህርት እንዴት ነው?» ሳይሆን «ዛሬ የቱ ትምህርት ከበደህ?» ይበሉት። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ። ብዙ አባት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ሁለት ቃል ሳይናገር ምክር ይጀምራል። በታናናሾቹና በጎረቤት ፊት ፈጽሞ አይገሥጹት። ከማሳው ግማሽ ቃዳ ይስጡትና ምን እንደሚዘራ ራሱ ይወስን። ማለዳ ቢያንቀላፋ ሰነፍ አይበሉት፤ በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ አምሽቶ ይመጣል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በጠቅላላው ከ8 እስከ 10 ሰዓታት ያህል መተኛትም ያስፈልገዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ ምግብ ከጠላና ከጓደኞቹም ከራቀ ግን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።