ታይፒንግ «ሪቤሊየን» ነው ወይስ «አፕራይዚንግ»?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በሚገኝ ፋብሪካ የምሠራ ስሆን፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ቻይናውያን ባልደረቦቼን እንግሊዝኛ አለማምዳለሁ። ከእነርሱ አንዱ በአገሩ የተካሄደውን የታይፒንግ እንቅስቃሴ «ቺዪ» እያለ በክብር ይጠራዋል፤ መማሪያ መጽሐፉ ግን «ሪቤሊየን» ስላለው ቅር ተሰኝቷል። መዝገበ ቃላቱም ሦስት አራት ቃል ደርድሮ ያልፋል። የትኛውን ላስተምረው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ቅር ቢሰኝ አይፈረድበትም። «ቺዪ» የሚጻፍባቸው ሁለት ፊደላት አንደኛው መነሣትን፣ ሁለተኛው ጽድቅን ስለሚያመለክቱ፣ ቃሉ እውነት ከተነሡት ወገን መሆኗን አስቀድሞ ይመሰክራል። «ሪቤሊየን» ግን ነገሩን ከመንግሥት ወንበር ሆኖ የሚያይ፣ አብዛኛውን ጊዜም ለከሸፈ የትጥቅ አመፅ የሚውል ቃል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1850 ተጀምሮ በ1864 በቺንግ ሥርወ መንግሥት የተደመሰሰው ታይፒንግም በዚህ ስም ቀርቷል። እኛም ብንሆን በ1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩትን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ እስከ ዛሬ «የታኅሣሥ ግርግር» እንለዋለን፤ ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ ማን ግርግር ይለው ነበር? ስለዚህ ለ«ቺዪ» የሚቀርበው፣ የተነሡትን ሰዎች የማይወነጅለው «አፕራይዚንግ» ነው፤ የቻይና ኮሚኒስቶች እ.ኤ.አ. በ1927 በናንቻንግ ከተማ ያስነሡት አመፅ፣ ተዋጊዎቹ በቀናት ውስጥ ከተማዋን ለቀው ቢወጡም፣ በእንግሊዝኛ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው።

የቀሩትን ቃላት ለማስረዳት እርስዎ ከሚኖሩበት ከወሎ የተሻለ መነሻ አይገኝም። የወሎ ረኀብ መደበቁ ሕዝቡን ባስቆጣበት ወቅት፣ በጥር 1966 ዓ.ም. የነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር ተማርረው አዛዦቻቸውን ያዙ፤ ይህ በሠራዊት ውስጥ የሚነሣ አመፅ ስለሆነ «ሚውቲኒ» ይባላል። በየካቲት መምህራንና የነዳጅ ዋጋ ያስመረራቸው የታክሲ ነጂዎች ሥራ ሲያቆሙ ነገሩ «ስትራይክ» ሆነ፤ በመንገድ ላይ መኪና የተሰበረበት ሁከት ደግሞ «ራየት» ነው፤ ይህን ቃል ለሰላማዊ ሰልፍ መጠቀም ግን ሰልፈኛውን መወንጀል ይሆናል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ማውረዱ ብቻውን ሲታይ «ኩ» (coup፣ መፈንቅለ መንግሥት) ነው፤ በዚያው ዓመት የካቲት የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ጭሰኝነት ሲቀር ግን ሥርዓቱ ራሱ ስለተለወጠ «ሪቮሉሽን» ይባላል። ይህን ባልደረባዎ «ግሚንግ» ብሎ ስለሚያውቀው አይቸገርም።

አነባበብን በተመለከተ፣ በ«ኩ» መጨረሻ የሚጻፈው «ፒ» ድምፅ የለውምና «ኩፕ» ብሎ እንዳያነበው ከወዲሁ ያርሙት።