ሪያድ ውስጥ ኮምፓውንድ ወይስ ከተማ ውስጥ ተከራይቶ መኖር? ለእህታችን ጥያቄ

እህታችን፣ ባለቤትሽ በሳዑዲ ዋና ከተማ በሪያድ ሥራ አግኝቶ ድርጅቱ «ወይ ኮምፓውንድ (የውጭ ዜጎች የሚኖሩበት፣ በአጥር የተከበበና በሩ የሚጠበቅ ግቢ) ውስጥ ቤት፣ ወይ የቤት አበል ምረጡ» ብሏችኋል፤ ከሁለት ልጆች ጋር የቱ ይሻላል ነው ጥያቄሽ። ድርጅቱ በራሱ ስም ተከራይቶ ሙሉውን የሚከፍል ከሆነ የመጀመሪያውን ዓመት ኮምፓውንድ ግቡ። አበሉን ተቀብላችሁ ራሳችሁ ኮምፓውንድ ልትከራዩ ካሰባችሁ ግን ተዉት። አበሉ ብዙውን ጊዜ የመሠረታዊ ደመወዙን ሩብ ያህል ነው፤ የኮምፓውንድ ቪላ ደግሞ ያንኑ ያህል መኝታ ቤት ካለው የከተማ አፓርታማ ከእጥፍ በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው። ክፍያውም ብዙውን ጊዜ የስድስት ወር ወይም የዓመት ባንዴ ነው። እንዲያውም ከድርጅት ጋር ካልሆነ ከግለሰብ ጋር የማይዋዋሉ ኮምፓውንዶች ብዙ ናቸው።

አብዛኞቹ ኮምፓውንዶች መዋኛና ጂም ስላላቸው እሱን በማወዳደር ጊዜ አታጥፉ። ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ መያዝ ያለበት ሌላ ነው። ሥራው ቢቋረጥ ቤቱ በስንት ቀን ነው የሚለቀቀው? የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ከተሰጠ በኋላ ከአገር ለመውጣት 60 ቀን አለ፤ ቤቱ ግን የድርጅቱ ስለሆነ ከዚያ በፊት ቁልፍ አስረክቡ ሊሏችሁ ይችላሉ። ልጆቹ የዓመት ፈተና ላይ ሳሉ ይህ ቢደርስ አስቢው። ቢያንስ እስከ ትምህርት መዝጊያ የሚል መስመር አስገቡ።

ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚነቃበት ደግሞ ለመንግሥት የሚገባው የጥገኛ ቤተሰብ ክፍያ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ይዞት ለሚመጣው ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል እ.ኤ.አ. በ2017 በወር 100 ሪያል ተብሎ ተጀመረ፤ በየዓመቱ መቶ መቶ እየጨመረ በ2020 400 ደረሰ። ላንቺና ለሁለቱ ልጆች በወር 1,200፣ በዓመት 14,400 ሪያል ማለት ነው። የሚከፈለውም ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ሲታደስ ቀድሞ ነው። ድርጅቱ ይሸፍናል ወይስ ከባልሽ ደመወዝ ይወጣል? መብራትና ውኃ ኪራዩ ውስጥ ስለመግባታቸውም ጠይቂ፤ ጣሪያ ተቀምጦላቸው ከሆነ በጋው ላይ ይታለፋል። ኤሲ ለወራት ሌት ተቀን ነው የሚሠራው።

የበሩ ነገር ለሐበሻ ትንሽ ከበድ ይላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 ሪያድ ውስጥ የውጭ ዜጎች የሚኖሩባቸው ኮምፓውንዶች በቦምብ ከተመቱ ወዲህ ፍተሻው ጠበቀ፤ የኮንክሪት ግንብ፣ ድርብ በር፣ የመኪና ኮፈንና ሆድ ማየት የዚያ ውጤት ነው። እንግዳ ስሙ ቀድሞ ካልተመዘገበና መታወቂያ ካላሳየ አይገባም። ዓርብ ዘመድ በድንገት ብቅ የሚልበትን ቤት ከለመድሽ ይህ ያንገበግባል፤ የእንግዳ ቁጥር የሚገድቡም አሉ፣ ደንቡን አስቀድመሽ አንብቢ። አንቺንም ጠባቂው «የማን ቤት ሠራተኛ ነሽ?» ሊልሽ ይችላል። የነዋሪ ካርድሽን በመጀመሪያው ቀን አውጪ፣ ለአስረኛ ጊዜ ከማስረዳት ይሻላል። በብዙዎቹ የታክሲ ሹፌር ከበሩ አያልፍም፤ ስለዚህ የተሰጣችሁ ቪላ ከበሩ ምን ያህል እንደሚርቅ በ45 ዲግሪ ሙቀት ከእነ አስቤዛሽ አስቢው። የኮምፓውንዱ አውቶቡስ ወደ ገበያ የሚወጣውና የሚመለሰው በተወሰነ ሰዓት ነው። ሴቶች እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2018 ጀምሮ መንዳት ስለተፈቀደላቸው መንጃ ፈቃድ ማውጣቱ ብዙ ችግር ያቃልልሻል።

ምጣድ ይዘሽ እንደምትመጪ ስለማልጠራጠር ይህን ልብ በይ። የእንጀራ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። እዚያ የተለመደው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ መሰኪያ ውስጡ ያለው ፊውዝ 13 አምፔር ነው፤ በ220 ቮልት 2.8 ኪሎ ዋት ገደማ ነው የሚችለው። እየቆየ ፊውዙ ሊቃጠል ወይም ሶኬቱ መቅለጥ ሊጀምር ይችላል። ፊውዙን በሽቦ መተካት ደግሞ ቤት ማቃጠል ነው። የኮምፓውንዱን ጥገና ክፍል ጠርተሽ ለኤሌክትሪክ ምድጃ ከተዘረጋው ወፍራም መስመር ላይ፣ በራሱ ብሬከር እንዲያገናኙልሽ አድርጊ። በቆዩ ቤቶች 127 ቮልት የሆነ ሶኬትም ሊያጋጥም ስለሚችል መጀመሪያ ይለካ፤ ምጣዱ እዚያ ላይ ቢሰካ የሚሰጠው ሙቀት አንድ ሦስተኛው ብቻ ስለሆነ ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። ቡና ስትቆዪና ዕጣን ስታጨሺ ከጢስ ጠቋሚው ራቂ።

አጥሩ ከአለባበስ ጭንቀት ያሳርፍሻል፣ ልጆችም ብስክሌት ይነዱበታል። ከሕግ ግን አያስጥልም። ጠላ መጥመቅና ጠጅ መጣል በኮምፓውንድ ውስጥም ወንጀል ነው። በሌላ ከፊል (አሠሪ ስፖንሰር) ስም ያለች እህት ወይም ኢቃማ የሌላት ልጅ ቤት ውስጥ ማሠራትም እንዲሁ፤ እሷም እናንተም ትቀጣላችሁ፣ ምናልባትም ከአገር ትባረራላችሁ። ቤተ ክርስቲያን የለም። የዕረፍት ቀኑ ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ እሑድ ሥራና ትምህርት ቀን ነው።

ሥራ ለሌላት ሚስት ዋናው ፈተና ብቸኝነት ነው። የጎረቤቶችሽ ውል ሁለት ዓመት ገደማ ስለሆነ ገና ስትላመጂ ሻንጣ ሲጭኑ ታያለሽ። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ትምህርት ሲዘጋ ቤተሰቡ ሁሉ ወደየአገሩ ይሄድና ኮምፓውንዱ ወና ይሆናል። በዚያ ወቅት የደረሱ ልጆች አንድም ጓደኛ ሳያገኙ፣ ቀን ቀን ውጭ መውጣት ሳይችሉ ትምህርት እስኪከፈት ከኤሲ ሥር ይቀመጣሉ። ባልሽ ቀድሞ ይግባ፣ መስመሩንና ቮልቱን ያስተካክል፤ አንቺና ልጆቹ ትምህርት ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው ድረሱ።