ግድግዳውን ሳታውቁ ሥዕሉን አትዘዙ

ውድ ወጣቶች፣

ለመሐል ከተማ የግድግዳ ሥዕል የማሠራት ኃላፊነት ሲሰጣችሁ፣ የመጀመሪያው ስብሰባ የሚያልቀው ምን ይሣል፣ ማን ይሣለው በሚል ክርክር እንደሚሆን አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ ያደረግሁት እንዲሁ ነበር። ከብዙ ዓመታት ሥራ በኋላ የተረዳሁት ግን፣ የአሠሪው ዋና ድርሻ ግድግዳውንና ውሉን በሚገባ አዘጋጅቶ ሰዓሊው ያለ ሥጋት እንዲሠራ መንገዱን መጥረግ መሆኑን ነው።

በሥራዬ መጀመሪያ ካሠራኋቸው ሥዕሎች አንዱ የአንዲት አሮጊት ፊት ነበር። በተመረቀ በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ እንዳባራ ሄጄ ሳየው ግራ ጉንጫቸው ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ንጣት ወጥቶ አገኘሁት። በጣቴ ብነካው ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተልጦ እጄ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ ያለው ልስን ርሶ ነበር። ከጣሪያው ጠርዝ የተሰነጠቀ አሸንዳ ውኃውን ወደ ግድግዳው ውስጥ ሲያሰርግ ከርሟል። ውኃው በጡቡና በልስኑ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ወደ ውጭ ያመጣዋል፤ ሲተን ጨው ከቀለሙ ሥር ይረጋና ቀለሙን እየገፋ ያነሣዋል። ሰዓሊው ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ ቀና ብሎ አሸንዳውን ማየት የእኔ ሥራ ነበር።

ስለዚህ ግድግዳውን በዝናብም በፀሐይም፣ በጠዋትም በማታም ሄዳችሁ እዩት። ልስኑን በጣታችሁ አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ከግድግዳው ለቋል ማለት ነውና ቀለም ከመነካቱ በፊት መጠገን አለበት። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ሳይደርቅ አይቀባም፤ ትኩስ ሲሚንቶ ቀለምን ያበላሻልና። አክሪሊክ የሚባለው የፕላስቲክ ቀለም በግድግዳው ላይ እንደ ቆዳ ሲለጠፍ፣ ሲሊኬት የሚባለው የማዕድን ቀለም ግን ከኖራና ከሲሚንቶ ጋር ተዋሕዶ እንፋሎት ያሳልፋል፤ ሆኖም ቀድሞ የዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ አይይዝም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ አንዳንድ ደማቅ ቀይና ቢጫ ቀለሞች ፈጥነው ይደበዝዛሉና ፀሐይ የሚችሉት እንዲመረጡ ከሰዓሊው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

በዚያ መንገድ በየቀኑ የሚያልፉትን ሰዎች አነጋግሩ። ስለሚያስታውሱትና ስለሚሳሱለት ነገር ጠይቋቸው እንጂ በቀለም ላይ ድምፅ አታሰጧቸው፤ አሥር ሰው ያረመው ንድፍ የማንም አይሆንም። ከዚህ የተሻለ የማሳተፊያ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራውን በጀመረው በአሜሪካ የፊላዴልፊያ ከተማ የግድግዳ ሥዕል ፕሮግራም፣ ነዋሪዎች ስስ ጨርቅ ላይ የታተመውን ንድፍ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይቀባሉ፤ ጨርቁም በኋላ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። በዚህ ዘዴ መወጣጫ ላይ መውጣት የማይችሉ አረጋውያንና ሕፃናት ጭምር እጃቸውን ያሳርፉበታል።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ፤ ብዙ ወዳጅነት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1933 ሜክሲኳዊው ሰዓሊ ዲየጎ ሪቬራ በኒው ዮርክ፣ የባለጸጋው የሮክፌለር ቤተሰብ በነበረው ሮክፌለር ማዕከል በሚሥለው ሥዕል ውስጥ የሌኒንን ፊት አስገባ፤ እንዲያነሣው ሲጠየቅ እምቢ አለ። ክፍያው ተፈጽሞለት ከሥራው ተሰናበተ፤ ሥዕሉም በ1934 መጀመሪያ ላይ በአሠሪዎቹ ትእዛዝ ተፈርፍሮ እንዲወድቅ ተደረገ። በዚያችው ከተማ ፋይቭ ፖይንትዝ በሚባለው ሕንፃ ላይ የነበሩ ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ ሌሊት ነጭ ተቀቡ። ባለንብረቱ የአገሩ ሕግ ለሰዓሊያን የሚሰጠውን የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ጊዜ ስላላከበረ፣ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በ45 ሥራዎች ምክንያት 6.75 ሚሊዮን ዶላር ለ21 ሰዓሊያን እንዲከፍል ወሰነበት።

ስለሆነም የጸደቀው ንድፍ ከውሉ ጋር ተያይዞ ይፈረምበት፤ ሰዓሊው ሳያስፈቅድ መለወጥ የሚችለውና የማይችለው በግልጽ ይጻፍ። ሥዕሉ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ሕንፃው ቢሸጥ ወይም ቢፈርስ ለሰዓሊው ምን ያህል ቀደም ብሎ እንደሚነገረው፣ የሥዕሉን ምስል ማን ማባዛት እንደሚችል ይወሰን። የግድግዳው ባለቤት ራሱ ይፈርም፤ የተከራዩ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ክፍያውን በየደረጃው ክፈሉ፤ ለውድድር ያቀረባችሁትን ሰዓሊ ግን ንድፍ በነፃ አታሠሩት። የተሸነፈውም ሰው የሳምንታት ድካሙን ሰጥቷችኋል፤ ይህን ነገር ቀላል አድርጎ የሚያይ አሠሪ ሲገጥመኝ እስከ ዛሬ ያመኛል።

በጀት ስትይዙ የጥገናውን ገንዘብ ከመነሻው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በኋላ የሚሰጣችሁ የለም። የእያንዳንዱን ቀለም ስምና ቁጥር መዝግቡ፤ ከየቀለሙም ጥቂት በታሸገ ዕቃ አስቀሩ። የአሮጊቷን ጉንጭ ለመጠገን ሰዓሊው በተመለሰ ጊዜ እኔ ይህን አላደረግሁም ነበርና፣ ቀለሙን በዓይኑ እየገመተ ቀላቀለው። አሸንዳው ተጠግኗል፣ ልስኑም ደርቋል፤ የታደሰውን ቦታ ግን ዛሬም ከመንገዱ ማዶ ሆኜ እለየዋለሁ።