«ሪድ ዘ ራየት አክት» ምን ማለት ነው? ጠይቁኝ

ዛሬ ወሬያችን ስለዚህ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ነው። የመጣላችሁን ጠይቁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሥራ ቦታ የሚያረፍዱትን ልጆች አለቃችን «ራየት አክት አነበበችላቸው» ተባለ። አባረረቻቸው ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ አይደለም፣ ወንድሜ። ቆጣ ብላ አስጠንቅቃቸዋለች። «ሁለተኛ ብትደግሙት ወዮላችሁ!» ብላቸዋለች በለው።

ጥያቄ፦ ቁጣና ንባብን ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ድሮ የምር ይነበብ ነበራ! ብሪታንያ ውስጥ ከኦገስት 1715 ጀምሮ የሚሠራ «ራየት አክት» የሚባል የሁከት አዋጅ ነበር። ቀዳማዊ ጆርጅ ዙፋን ላይ ከወጣ ገና ዓመቱ ነበር፤ ንግሥናውን ያልወደዱ ሰዎች በየከተማው ይረብሹ ነበር። 12 እና ከዚያ በላይ ሰዎች ተሰብስበው ካወኩ፣ ዳኛ ወይም ከንቲባ ወጥቶ በንጉሡ ስም «ተበተኑ» የሚለውን ትእዛዝ ጮክ ብሎ ያነባል። ከዚያ አንድ ሰዓት ይሰጣቸዋል። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ እዚያው የቆዩት ቅጣታቸው ሞት ነው። ሊበትኗቸው የሄዱት ሰዎች ነፍስ ቢያጠፉ እንኳ አይጠየቁም። አሁን የቢሮ ቀልድ ሆኗል እንጂ ሕጉስ ጨካኝ ነበር።

ጥያቄ፦ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ማን ይሰማል ታዲያ?

መልስ፦ ጉዱ እሱ ነው። ኦገስት 16 ቀን 1819 ማንቸስተር፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የፓርላማ ምርጫ እንዲሻሻል ሊጠይቅ ወጣ። ዳኞቹ አዋጁን አንብበናል አሉ፤ ከሕዝቡ ብዙዎቹ ምንም አልሰማንም አሉ። ፈረሰኛ ተለቀቀባቸው። ከ10 በላይ ሰው ሞተ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። «የፒተርሉ እልቂት» የሚባለው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ አንባቢው ቢሳሳትስ?

መልስ፦ እኔን የሚያስቀኝ ይሄ ነው። የሚነበበው ትእዛዝ መዝጊያ «እግዚአብሔር ንጉሡን ይጠብቅ» የምትል ቃል ነች። በ1830 በታየ አንድ ክስ፣ እሷ ከተዘለለች አዋጁ እንደተነበበ አይቆጠርም ተባለ። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ከገመድ መትረፍ!

ጥያቄ፦ ለአለቃዬ እኔ ባነብለትስ?

መልስ፦ አይሆንም። የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ነው፤ እናት ለልጇ፣ አሠልጣኝ ለተጫዋቹ።

ጥያቄ፦ ሕጉ ዛሬም አለ? ቶሮንቶ ነው የምኖረው።

መልስ፦ እንግሊዝ በ1967 ሽራዋለች። አንቺ ያለሽበት አገር ግን የወንጀል ሕጉ ውስጥ አሁንም አለ፣ እህቴ። እዚያ የሚሰጠው ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። ቅጣቱም እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ይደርሳል።